ባንድ ሶው ከመግዛታችሁ በፊት ግንዱን ለኩት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በእንጨት ሥራ ሙያ ሰልጥኜ ጨርሻለሁ። ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን በርጩማ፣ ገበታና ሌሎች የተቀረጹ ዕቃዎች ልንሠራ ነው። ባንድ ሶው፣ ማለትም ቀለበት ምላጭ ያለው የእንጨት መቁረጫ ማሽን፣ ለመግዛት ሁለት አማራጭ አግኝተናል። አንደኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚሸጥ ትልቅ ያገለገለ ስሪ ፌዝ ማሽን ነው። ሌላው መርካቶ ያየነው አዲስ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው። የትኛውን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ትንሹን አትግዙ። ትልቁንም ቢሆን የምትሠሩበት ሼድ ስሪ ፌዝ መስመር፣ ማለትም ለትልልቅ ሞተሮች የሚሆነው የ380 ቮልት መብራት፣ ካልገባለት ተዉት።

ምክንያቴ የሚነሳው ከራሳችሁ ሥራ ነው። የጅማ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው፤ ዋጋውም ክብሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ በርጩማ ለመሥራት ያሰበ ሰው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ግንድ በማሽኑ ጠረጴዛና ከላይ ምላጩን ደግፎ በሚይዘው የምላጭ መሪ መካከል ማሳለፍ አለበት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ማሽኖች ግን አብዛኞቹ የሚያሳልፉት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለማንኪያና ለትንንሽ ጌጣጌጥ ይበቃሉ፤ በርጩማ ግን አይገባባቸውም።

ሻጩ «ባለ 14 ኢንች ነው» ሲላችሁም አትታለሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ምላጩ ስለሚዞርባቸው ጎማዎች ስፋት ነው፤ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከምላጩ እስከ ማሽኑ ቋሚ ድረስ ያለውን የጎን ርቀት ታውቁበታላችሁ እንጂ ከፍታውን አይነግራችሁም። ብዙ ባለ 14 ኢንች ማሽኖች በከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቆርጣሉ። አንዳንዶቹ ቋሚያቸው ላይ ማራዘሚያ ብረት ሲገባላቸው 30 ይደርሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «በከፍታ ስንት ይቆርጣል?» ብላችሁ ይሁን፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ራሳችሁ ለኩት።

ማሽኑ የማይሠራላችሁንም ከወዲሁ እወቁ። ምላጩ የተዘጋ ቀለበት ስለሆነ ከዳር ሳይገባ የእንጨቱን ሆድ መፈልፈል አይችልም። የመቀመጫው ጎድጓዳ፣ የእግሮቹ ውስጠኛ ክፍል፣ ጌጡ ሁሉ የመጥረቢያና የመሮ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ባንድ ሶው የሚያቀልላችሁ የመጀመሪያውን ድካም ነው፤ ትርፉን እንጨት ማስወገዱን። ለምሳሌ የእንስሳ ምስል ስትቀርጹ የጎኑን መልክ በአንዱ ፊት፣ የላይኛውን መልክ ደግሞ በሚቀጥለው ፊት ላይ ትስላላችሁ። አንዱን ቆርጣችሁ የወደቁትን ቁርጥራጮች መልሳችሁ በፕላስተር ታስሯቸዋላችሁ፤ ያኔ እንጨቱ ጠፍጣፋ ይሆንና ተደላድሎ ይቆማል፣ የተሳለውም መስመር አይጠፋም። ከዚያ አዙራችሁ ሁለተኛውን ትቆርጣላችሁ። ቁርጥራጩ ሲፈታ ምስሉ ከአራቱም አቅጣጫ ጀምሯል፤ የቀረው የእጃችሁ ሥራ ነው።

ክብ ግንድ እንዳለ ማሽን ላይ እንዳታስቀምጡ አደራ። ምላጩ ሲነክሰው ይንከባለላል፣ እጅም ይዞ ይገባል። አንድ ጎኑን አስቀድማችሁ በመጥረቢያ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ወይም ጣውላ ላይ በደንብ አጥብቃችሁ አያይዙት።

የመብራቱ ጉዳይ ብዙ ወጣቶችን ያሰናክላል። ስሪ ፌዝ ሞተር የሚፈልገው 380 ቮልት ነው። ሼዱ ያለው የቤት ሲንግል ፌዝ (የ220 ቮልት) ቆጣሪ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ ተገዝቶ መስመር እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ብድሩ ግን አይጠብቅም። ለሦስት ሰው ሥራ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በቂ ነው። ማብሪያው ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ዓይነት ይሁን። መብራት ሲሄድ ሰው እጁን ምላጩ አጠገብ ትቶ ይዘናጋል፤ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው።

ምላጭን በተመለከተ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ኩርባ ይዞራል፤ ራዲየሱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ሚሊ ሜትሩ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ በለውጡ ግን ወፍራም ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለእርጥብ ዋንዛ በኢንች ሦስት ወይም አራት ጥርስ ያለውን ያዙ፤ ጥርሱ የበዛው በእርጥብ መጋዝ አቧራ ይደፈንና ያቃጥላል። ከሁሉም በላይ፣ ለማሽኑ የሚሆን ርዝመት ያለው ምላጭ ጅማ ውስጥ ይገኛል ወይስ የሚበይድ ባለሙያ አለ? ይህን ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ከተወዛወዘ ወይም ኩሽኔታው ከጮኸ፣ ጎማው ላይ ያለው ላስቲክም ከተሰነጠቀ፣ የጥገናውን ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሱ።

አሁን ደግሞ መቼ እንደምትገዙ ልንገራችሁ። የእኔ ምክር የሚስማማችሁን ብታገኙ እንኳ ለሦስት ወር ምንም ማሽን አትግዙ ነው። ከተማው ውስጥ ባንድ ሶው ያላቸው እንጨት ቤቶች አሉ። በክፍያ ግንዳችሁን አስቆርጡ፤ ከእናንተ አንዱ እዚያው በረዳትነት ቢቀጠር ደግሞ ምላጭ መወጠርና ማስተካከል ይማራል። በወሩ ስንት በርጩማ እንደሸጣችሁ፣ ለማስቆረጫ ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉ። ማስቆረጫው ከብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ጋር ሲቀራረብ ያኔ መግዣችሁ ደርሷል። በሊዝ፣ ማለትም በኪራይ መልክ ቀስ በቀስ እየተከፈለ፣ የሚገዛ ማሽን ዕዳው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት እንደሆነም አትርሱ።

የእንጨቱንም ምንጭ አሁኑኑ አስቡበት። ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ከአርሶ አደር ቡና ማሳ የሚወጣውንም ቢሆን ፈቃዱን አይታችሁ ግዙ። ያለ ወረቀት የተጫነ ግንድ ኬላ ላይ ሲያዝ ገንዘቡም ሥራውም አብሮ ይቆማል።

ስትሠሩ ጓንት አታድርጉ፤ ፀጉርሽን ሰብስበሽ እሰሪ። የላይኛውን መሪ ከእንጨቱ በላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ አስቀሩት። የአፍ መሸፈኛም አይለያችሁ፤ የእንጨት ብናኝ የካንሰር መንስኤ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል።

ማሽን ለማየት የምትሄዱ ቀን የምትሠሩበትን ግንድ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ፊታችሁ ይቁረጥላችሁ። እስከዚያው የሼዱ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ይሁን ስሪ ፌዝ አጣሪና ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናያለን።