ባለመሰንቆው በስልክ ቀሩ

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? አሁንስ በቃኝ ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀን ቀን ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ ማታ ሲጠሩኝ እዘፍናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጣሊያናዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ የኤንዮ ሞሪኮኔ ነገር አይሆንልኝም። ሰው ሁሉ የሚያውቅለት ያቺን የካውቦይ ፊልም ፉጨት ብቻ ነው። ሰውየው ግን ከ400 በላይ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች አሉት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮም ውስጥ ለሸክላ ኩባንያ እየሠራ ለዘፋኞች ብዙ ዘፈን ደርሷል፣ አቀናብሯል። እኛ ጋ እነሱን ማን ሰምቷቸው? እናም አንድ ምሽት ለእነሱ ብቻ ላዘጋጅ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ሻማ፣ በዘፈን መሃል ትንሽ ጨዋታ፣ የካባሬት ዓይነት። ግጥሞቹን ወደ አማርኛ መለስኩ። ሦስት ወር ለፋሁ።

ኪቦርድ የሚጫወትልኝ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ጭብጨባ ይወዳል። ገና ከጅምሩ «ፉጨቷን ካልጨመርን ሰው አይመጣም» ይል ነበር። አይሆንም አልኩት፣ ተስማማ። የላውንጁ ባለቤት ደግሞ ፖስተሩ ላይ ባለባርኔጣ ካውቦይ አሠርቶ ጠበቀኝ። እሱንም ዋጥ አደረግኩት።

በዕለቱ ቤቱ ሞላ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ጫጫታው በረታ። ብርጭቆ ይጋጫል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ስልክ ያወራል። እንደ ምንም ወደ አራተኛው ገባሁ። ከሁሉም የምወደው ነው፤ ሚና የምትባለው ዘፋኝ በ1966 እ.ኤ.አ. የተጫወተችው «ሴ ቴሌፎናንዶ»። ፍቅሯ ያለቀባት ሴት ስንብቱን ፊት ለፊት መናገር ያቅታትና ምነው በስልክ በነገርኩት ትላለች። አዝማቹ ላይ ስደርስ ልጁ ምንም ሳይለኝ ወደ ፉጨቷ ገባ! ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። እኔ ማይክ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሰማኝም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ አላናገርኩትም። እሱ «ቤቱን ያዳንኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሰው እንዴት የሦስት ወር ልፋት በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል? እናቴ እርሺው ትለኛለች። ጓደኞቼ «ሰው ደስ ብሎት ሄደ፣ ምን አለበት» ይላሉ። እኔ ግን አልወጣልኝም።

መጀመሪያ እንዲያውም መሰንቆም ነበረን። ከአዴት በሚኒባስ እየመጡ የሚያጠኑ አንድ ጋሼ ነበሩ። ያቺን የስልክ ዘፈን በመሰንቆ ሲመልሷት ታምር ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረን የላውንጁ ባለቤት «አዝማሪ ቤት አስመሰላችሁት እኮ» ስላለ ደውዬ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይርዳሽ» አሉኝ። የእሳቸውን ቦታ በኪቦርድ ሸፈንነው።

አሁን ላውንጁ ሁለተኛ ምሽት ይሁን ብሏል። ልጁም ይቅርታ ሳይል «እንሥራ» ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎትና መዝፈን ራሱ አስጠልቶኛል። ያቺን ዘፈን ቤቴ ውስጥ እንኳ ልጀምራት ስል ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ምን ነካኝ? ከዚህ ልጅ ጋር ልሥራ ወይስ ልተወው?

የከፋኝ፣ ከባሕር ዳር

—

ልጄ፣

የኪቦርዱን ልጅ ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ቃሉን አጥፏል፣ ጥፋተኛ ነው። ይቅርታ ሳይጠይቅሽ አንድ ዘፈን እንኳ አብረሽው እንዳትሠሪ። እሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አዴት እንሂድ። ለፉጨቷ ስንት መስመር ጻፍሽ? ለጋሼስ? ያውም «እንዲያውም» ብለሽ፣ መንገድ ላይ ትዝ እንዳለሽ ነገር። ሦስት ወር የተመላለሱ ሰው ናቸው። የሚኒባሱን ማን ከፈለ? ለድካማቸው ምን ሰጠሻቸው? አልጻፍሽልኝም። ስላልሰጠሻቸው ይመስለኛል።

ጉሮሮሽን ያነቀሽ ፉጨቷ ናት ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔ አይመስለኝም። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል። ያቺ ሴት በስልክ መሰናበትን ተመኘች፤ አንቺ አደረግሽው። ሰውየውን በስልክ አሰናበትሽ፣ በሁለተኛው ቀን ሻማ አብርተሽ ያንኑ ዘፈንሽ። ጉሮሮሽ ዝም ቢልሽ ነበር የሚያስፈራኝ። ጉሮሮሽ ከአንቺ ቀድሞ አውቋል።

ስለ ሞሪኮኔ አንድ ነገር ላስታውስሽ። አባቱ የትራምፔት ተጫዋች ነበሩ፤ ሮም ውስጥ በየምሽት ክበቡ እየነፉ ነው ቤተሰብ ያሳደጉት። ልጁንም ትራምፔት አስያዙት። በኋላ ልጅ ስሙ ሲገን አባት አረጁ፣ ትንፋሻቸው እንደ ድሮው አልሆን አለ። እሳቸውን ቢጠራ ሥራው ይበላሻል። ሌላ ነፊ ቢጠራ አባቱ ይሰማሉ፣ ይከፋቸዋል። ምን አደረገ? ለተወሰነ ጊዜ በሥራዎቹ ውስጥ ትራምፔት መጻፉን ተወው። ይህን ያወራው እሱው ራሱ ነው። አንድ ሽማግሌ እንዳይከፋቸው ሲል አንድ ሙሉ መሣሪያ ተወ። አንቺ ደግሞ የእሱን ዘፈን አከብራለሁ ብለሽ ሽማግሌውን አስቀረሽ።

አመረርኩብሽ። ግን «አዝማሪ ቤት አስመሰላችሁት» የሚለው ነገር ደሜን አፍልቶታል። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሠርግ ሲኖር አዝማሪው ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገውን ለማየት ከፊት እቀመጥ ነበር። ደጋኑን ጉልበቱ ላይ ያስተኛል። ከኪሱ በጨርቅ የተቋጠረች ዕጣን ያወጣል። ጭራውን ከላይ እስከ ታች ቀስ እያደረገ ያሸዋል፣ አይቸኩልም። ከዚያ መሰንቆውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ያደርገዋል። ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ነው። ያ ሁሉ ሠርገኛ ወሬውን ያቆም ነበር።

በጠረጴዛ መሃል እየዞረ የሚዘፍን፣ የሰውን ፊት አይቶ ስንኝ የሚቋጥር፣ የሚያሞግስ፣ ወጋ የሚያደርግ፣ በዘፈን መሃል የሚያጫውት። ካባሬት ያልሽው ይህን አይደለም እንዴ? ከሮም ልታመጪው የለፋሽበት ነገር ከአዴት በሚኒባስ መጥቶልሽ ነበር።

ስለ ጫጫታውም ልንገርሽ። አዋቂ አዝማሪ ወሬኛ ጠረጴዛ አያሳዝነውም። ጠጋ ይለዋል። የሰውየውን ባርኔጣ ወይ የስልኩን ነገር አንስቶ ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል። ቤቱ ይስቃል። ሰውየው ይሞቀውና «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ያቀብለዋል። ከዚያ ወዲያ የት ይሄዳል? ጆሮውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ያንቺ ሦስተኛ ዘፈን ላይ የጎደለው ይህ ነው። አድማጩ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን የሚይዘው ሰው አጥቶ ነው የተበተነው። አንቺ ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሽውም፣ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የኖሩበት ነው።

ፉጨቷንም እንደ ጠላት አትያት። እሷን ያፏጨው እኮ ሞሪኮኔ አይደለም፤ አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ የሚባል ጊታር ተጫዋች ወዳጁ ነው። ዓለም ሁሉ ፉጨቱን ያውቃል፣ ስሙን የሚያነሳለት ግን ጥቂት ነው። ያልታወቀ ነገር ማክበር ከፈለግሽ ፉጨቷን ከመጫወትሽ በፊት የእሱን ስም ጥሪ።

ሁለተኛው ምሽት ይሁን፣ ግን ጋሼ ካሉበት ብቻ። ፖስተሩ ላይ ስማቸው ከስምሽ እኩል ይጻፍ፣ ክፍያቸውም እኩል ይሁን። የላውንጁ ባለቤት ከግድግዳዬ ቀለም ጋር አይሄድም ካለ ይቅርበት። ባሕር ዳር ቤት ሞልቷል። ቤት ቢጠፋም የትምህርት ቤትሽ ክፍል ውስጥ ለሃያ ሰው ዝፈኚው። ያ ይሻልሻል።

ከዚያ በፊት ግን ነገ በጠዋት ተነሺና አዴት ሂጂ። ቀድመሽ እንዳትደውይ። የሦስት ወር ድካማቸውን ገንዘብ ቆጥረሽ ያዢ፣ ቡናና ስኳርም ያዢ። በር ላይ ሲያዩሽ «ግቢ ልጄ» ይላሉ። «ምንም አይደል፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» ይሉሻል። እዚያ ላይ እፎይ ብለሽ እንዳትነሺ። ቁጭ በይና የሆነውን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ባለቤቱ ምን እንዳለ፣ አንቺም ምን ሳትመልሺለት እንደወጣሽ።

መሰንቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ታዪው ይሆናል። አውርዱት ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው።