ባትሪው ተቀይሮ፣ ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻው) ተሠርቶ መኪናው ጠዋት ለምን አይነሳም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአይሱዙ ኤን ፒ አር ሹፌር ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት ቁልፍ ስሰጠው ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚዞረው። አንዳንዴ ‘ታክ’ ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱንም ባትሪ ቀየርኩ፣ ሞተሪኖውንም አሠራሁ፣ ለውጥ የለም። አሁን የባትሪ ገመዱን ቀይር ተባልኩ። መርካቶ ስጠይቅ አንዱ ቀጠን ያለ በውድ፣ ሌላው ወፍራም በርካሽ አሳየኝ። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ብር ከማውጣትህ በፊት ብንገናኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ገመድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው። ላዩ ጤነኛ ይመስላል፤ ጎማውን ስትቀደው ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ።

አሁንም ከመግዛትህ በፊት ለካ። ማርሹን ፎሌ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ወደ ሞተሪኖው ገመድ በሚነሳበት የባትሪ ፖዘቲቭ እርሳስ (ገመዱ በሚታሰርበት ጉጥ) ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ገመዱ የታሰረበት ቡሎን ላይ ያዝ። የገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ረዳትህ ቁልፍ ይስጥ። ሞተሪኖው እየዞረ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብክ ፖዘቲቩ መንገድ ላይ ችግር አለ። ቀጥሎ ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ጋር ከታሰረው የኔጋቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሪኖው አካል ለካ። እዚህ ከ0.3 ቮልት በላይ አልወድም። ‘ታክ’ ብሎ ብቻ ከቆመ ግን ንባቡን አትመነው። ጅረት (ኤሌክትሪኩ) ካልሄደ የተበላ ገመድም ደህና ይመስላል።

አንተ የነገርከኝን ስሰማ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ጅረቱ ወደ ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው። ሞተሩ ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ማረፊያ ነው፤ ጎማ ደግሞ ጅረት አያሳልፍም። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ያ አንድ የማሳ ገመድ ነው። እሱ ከላላ ወይም ከተበላ ጅረቱ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ የነዳጅ መስጫው ካቦ የሚግል መኪና አጋጥሞኛል። ሹፌሩ ለወራት ባትሪ ሲያስሞላ ኖሯል። የሞተሪኖው ጅረት በዚያች ቀጭን ሽቦ ነበር የሚመለሰው። የማሳውን ገመድ ፈትተን የሻንሲውን ቀለምና ዝገት እስከ ነጩ ብረት ድረስ ፋቅን፣ መልሰን አሰርን። በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ገመድ እንኳን አልተገዛም።

ሁለቱን ባትሪ የምታገናኘውን አጭር ገመድም አትርሳት። ያንተ መኪና 24 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ነው የታሰሩት። ሙሉው ጅረት በእሷም ያልፋል። አጭር ናት ብለው ያገኙትን ቀጭን ሽቦ የሚያስሩ አሉ። እንዲህ አይደረግም።

ገመዱ መቀየር ካለበት፣ ወፍራም የሚመስለውን ሳይሆን ብዙ መዳብ ያለውን ግዛ። የገመዱ ቁጥር (ስንት ካሬ የሚባለው) የሚለካው መዳቡን ነው፤ የላዩ ጎማ ሊያታልል ይችላል። ላንተ መኪና 70 ሚሊ ሜትር ካሬ እመክራለሁ። መዳቡ ብቻውን ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አስላው፦ 3 ሜትር ገመድ ላይ 400 አምፔር ቢያልፍ በ35 ካሬ መዳብ 0.6 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ70 ካሬ ግማሹ። ያ ርካሹ ወፍራም ገመድ ደግሞ ምናልባት ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አንዷን ክር በቢላ ፋቃት። ውስጧ ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ ተወው። በእጅህም መዝነው፤ አሉሚኒየም በጣም ቀላል ነው። ጅረትን የሚቃወመው ከመዳብ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ አይጠቅምህም። ክሮቹም ቀጫጭንና ብዙ ይሁኑ። የቤት መስመር የሚዘረጋበት ደረቅ ገመድ የሞተሩን ንዝረት አይችልም፣ ይሰበራል።

ጫፉ ላይ የሚገባው የመዳብ ቀለበት በሀይድሮሊክ መጭመቂያ ይጨመቅ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ አትቀበል። እርሳስ አቅልጠው ብቻ የሚሞሉም አሉ፤ እሱ ሲግል ይለሰልሳል፣ ገመዱንም እዚያ ጋ ያደርቀዋል። እርዝመቱን ከድሮው ገመድ ላይ ለካ። ከጭስ ማውጫው አርቀህ፣ ሻንሲው ጠርዝ እንዳያፋፍቀው ጎማ አልብሰህ እሰረው።

ስትፈታ ከሻንሲው ጋር የታሰረውን ኔጋቲቭ ቅድሚያ ፍታ፤ ስትመልስ እሱን መጨረሻ እሰር። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ መፍቻው ሻንሲውን ከነካ እሳት ነው። ባትሪው የሚያወጣው ጋዝም ይቀጣጠላል፤ አጠገቡ ሲጋራ እንዳይኖር። እጅህ ላይ ሰዓት ወይም ቀለበት ካለ አውልቅ፣ እለምንሃለሁ፤ የብረት ቀለበት አጥንት ድረስ ሲያቃጥል አይቻለሁ።

የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ነገር ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠህ እጠበው፤ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። አድርቀህ እሰር፣ ቫዝሊን ከላይ ቀባ። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ከሳምንት መንገድ በኋላ ትንሽ ይላላል። ያኔ አንድ ጊዜ አጥብቅና እንደገና ለካ። ያነበብካቸውን ቁጥሮች ከላክልኝ አብረን እናያቸዋለን።