ሆኪ ካናዳ፦ ቦርዱ ተቀየረ፣ መዋቅሩስ? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ናችሁ። እዚህ ቤት ሆኪ ካናዳ (የካናዳን የበረዶ ሆኪ የሚመራው ድርጅት) በተነሳ ቁጥር ወሬው «እነ እገሌ ይባረሩ» ላይ ይቆማል። ስለ መዋቅሩ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። በአንድ የልጆች ሆኪ ማኅበር ቦርድ ውስጥ የደንብ ኮሚቴው ላይ ሠርቻለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም። ከወዲሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ስለ ራሳችሁ ማኅበር ከመጠየቃችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። ደጋግሜ እላታለሁ፣ አትቀየሙኝ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ነገሩን ለማናውቅ ባጭሩ ምን ሆኖ ነው?

መላሽ፦ ባጭሩ። በ2018 ለንደን ኦንታሪዮ ውስጥ ሆኪ ካናዳ ካዘጋጀው ድግስ በኋላ ተጫዋቾች ወሲባዊ ጥቃት አደረሱ የሚል ክስ ቀረበ። ድርጅቱ በ2022 ክሱን በገንዘብ ስምምነት ዘጋው። በሜይ ዜናው ወጣ፣ በጁን የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማውን አቆመ። በጁላይ ደግሞ ፓርላማ ፊት ቀርበው ከ1989 ጀምሮ ለዘጠኝ የወሲባዊ ጥቃት ስምምነቶች 7.6 ሚሊዮን ዶላር መክፈላቸውን ተናገሩ። ከዚያ ውስጥ 6.8 ሚሊዮኑ ከአሠልጣኙ ግራሃም ጄምስ ጋር የተያያዘ ነው። ገንዘቡ የወጣው ናሽናል ኢኩዊቲ ፈንድ ከሚባለው ቋት ነው። ቋቱ ይሞላ የነበረው ደግሞ እናንተ ለልጆቻችሁ ከምትከፍሉት የምዝገባ ክፍያ ነው። ወላጁ የተቆጣው እዚህ ላይ ነው። ኦክቶበር 11፣ 2022 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ስኮት ስሚዝና ቦርዱ በሙሉ ለቀቁ።

ሰማያዊ መስመር፦ ቦርዱ በሙሉ ከለቀቀ ታዲያ ሌላ ምን ለውጥ ይፈለጋል?

መላሽ፦ እንዲህ ዓይነቱን ጠይቁኝ እንጂ! ሰዎቹ ሲለቁ የተገኘው ክፍት ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል፣ ዕጩውን ማን ያቀርባል፣ ያልሆነ ሰው ከገባ በየት በኩል ይወጣል? እኔ መዋቅር የምለው ይሄን ነው።

ከሁሉም በላይ አስመራጭ ኮሚቴውን ተመልከቱ። በብዙ የስፖርት ማኅበር ልማዱ የታወቀ ነው። ሊቀመንበሩ የሚያምናቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች አስመራጭ ያደርጋል። እነሱ ደግሞ በየኮሚቴው ሲያገለግል ኖሮ «ተራው የደረሰ» ሰው ይጠቁማሉ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ለስድስት ወንበር ስድስት ዕጩ ይቀርባል። ሰብሳቢው «ተጨማሪ ጥቆማ አለ?» ይላል። አዳራሹ ጭጭ። መሽቷል፣ ግማሹ ሰው የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዟል። «በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። በዚህ ውስጥ አንድም ሕግ አልተጣሰም፤ ያስቸገረውም ይሄው ነው።

አሁን 2022ን እዩት። ሆኪ ካናዳ የቀድሞውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ቶማስ ክሮምዌልን አመራሩን እንዲገመግሙ ቀጠረ። እሳቸው ካነሷቸው ዋና ነጥቦች አንዱ የዕጩ አመራረጥ ነው፦ ከቦርዱ ገለልተኛ የሆነ አስመራጭ ኮሚቴ ይኑር፣ ቦርዱ የሚጎድለው ሙያ ተለይቶ ይታወቅ፣ ዕጩ በዚያ ሚዛን ይፈለግ። ከ60 በመቶ በላይ የቦርድ አባላት አንድ ፆታ እንዳይሆኑም አሉ። ዲሴምበር 2022 ላይ ዘጠኝ ሰዎች ተመረጡ፣ አምስቱ ሴቶች። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፣ ሂዩ ፍሬዘር። የሥራ ዘመናቸው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ሽግግር ነው ተብሎ።

ልብ በሉ፣ ያኔም ለዘጠኝ ወንበር የቀረበው የዘጠኝ ሰው ዝርዝር ነው። ከላይ ከነገርኳችሁ አዳራሽ በምን ይለያል? ዝርዝሩን ያዘጋጀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቡድን አይደለም። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። ስሞቹን እርሷቸው።

ግብ ጠባቂው፦ ይቅርታ ግን ዳኛ፣ ጠበቃ፣ አማካሪ ሰብስቦ ሆኪ ማስተዳደር ይቻላል? የበረዶ መንሸራተቻ (ስኬት) ጫማ አስሮ የማያውቅ ሰው ስለ በረዶ ምን ያውቃል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ስኬት ጫማ ያሰሩት ናቸው እኮ እዚህ ያደረሱን።

ግብ ጠባቂው፦ እሱ ሌላ ነው እህቴ። ጨዋታውን የማያውቅ ቦርድ ቢሮው የሰጠውን ሁሉ ይፈርማል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጨዋታውን የሚያውቀውስ አልፈረመም?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ በቃ። ከዘጠኙ መካከል እኮ ካሲ ካምቤል-ፓስካል ነበሩ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበሩት። ጨዋታውን የሚያውቅም፣ ሒሳብ የሚያነብም፣ የማንም ባለውለታ ያልሆነም ሰው ያስፈልጋል። ገለልተኛ ማለት «ሆኪ የማያውቅ» ማለት አይደለም። ውሳኔው የራሱን ክለብ ወይም የራሱን ኪስ የማይነካው ሰው ማለት ነው።

ፓክ፦ የተከሰሱት ተጫዋቾችስ? ፍርዱ ትክክል ነው ይላሉ?

መላሽ፦ ጁላይ 2025 ላይ አምስቱም ነፃ ተብለዋል። ከዚህ በላይ አልገባበትም። የዛሬው ርዕስ አይደለም።

ኦታዋ ምሥራቅ፦ ሆኪ ካናዳን የሚመርጠው ማን ነው? እኔ በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ድምፅ ስጥ ብሎ የጠራኝ የለም።

መላሽ፦ አይጠራህምም። አንተ የሆኪ ካናዳ አባል አይደለህም። አባሎቹ 13 የክልል ማኅበራት ናቸው። ኦንታሪዮ ብቻዋን ሦስት አላት፣ የአንተው ሆኪ ኢስተርን ኦንታሪዮ አንዱ ነው። ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና ኑናቩት ሆኪ ኖርዝ በሚባል አንድ ማኅበር ተጠቃለዋል፣ ዩኮን ደግሞ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሥር ነው። ልጅህ ክለብ ውስጥ ነው፣ ክለቡ በክልሉ ሥር ነው፣ ክልሉ ሆኪ ካናዳ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ገንዘብህ ይህን ሁሉ ደረጃ ይወጣል፣ ድምፅህ ክለብህ በር ላይ ይቀራል።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። ኦክቶበር 2022 ላይ ሆኪ ኬቤክ እምነት አጣሁ ብሎ ከእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ወደ ላይ የሚላከውን 3 ዶላር ያዘ። ሦስት ዶላር ናት፣ ግን በስንት ሺህ ልጅ ሲባዛ አስቡት። በዚያው ሳምንት ካናዲያን ታየር ውሉን አቋረጠ፣ ናይኪም ድጋፉን አቆመ። ተጠባባቂ ሊቀመንበሯ ኦክቶበር 4 ፓርላማ ቀርበው አመራሩን ሲከላከሉ ነበር። በሳምንቱ ቦርዱ የለም።

ካልጋሪ፦ እንግዲያው ድምፅ በተጫዋች ብዛት ይሁን። ኦንታሪዮ ከትንሿ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ ጋር እኩል መሆን አለባት?

አትላንቲክ፦ አሃ! እንግዲያው እኛ ለምን እንመጣለን? ሁለቱ ትልልቆች ተነጋግረው ይጨርሱት።

ካልጋሪ፦ ዲሞክራሲ እኮ ብዛት ነው ወንድሜ።

አትላንቲክ፦ ሴኔቱንም ዝጉታ በዚሁ! ለነገሩ የአልበርታ ሰው መቼ...

መላሽ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! የፌዴሬሽን ፖለቲካ ሌላ ቀን። የድምፅ ክብደት የሚገኘው ደንቡ ውስጥ ነው። ደንቡን አንብቡ።

ዝምተኛው፦ መንግሥት ለምን ዝም ብሎ አይረከበውም?

መላሽ፦ አይችልም። የግል፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የስፖርት ሚኒስትሯ በእጃቸው የነበረው የገንዘብ ቧንቧው ነው። ዘጉት፣ ኤፕሪል 2023 ላይ በቅድመ ሁኔታ ከፈቱት። ያውም የመንግሥት ገንዘብ ከገቢው ትንሹ ክፍል ነው። ስፖንሰሩና ምዝገባው ይበልጣሉ።

አዲስ ገቢ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ቦርዱ ከተባረረ በኋላ ምን ተለወጠ?

መላሽ፦ ሁለተኛውን መልስ ከፍ ብለህ አንብበው። እሱኑ ደግሜ አልጽፍም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ፈንዱስ? አሁንም ከኛ እየወሰዱ ነው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም ነው። ድርጅት ለክስ መጠባበቂያ መያዙ ነውር አይደለም። ልጆች የሚጋጩበት ስፖርት ነው፣ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ነገር ይመጣል። ክሮምዌልም መጠባበቂያው መኖሩን አልነቀፉም። የነቀፉት የከፈለው ሰው አለማወቁን ነው። ሆኪ ካናዳ በጁላይ 2022 ከዚያ ፈንድ ለወሲባዊ ጥቃት ክስ ከእንግዲህ አልከፍልም ብሏል።

ክለባችሁም ውስጥ ይህንኑ ፈልጉት። የሒሳብ ሪፖርቱን ስትቀበሉ «መጠባበቂያ» የምትል መስመር ካለች ጠይቁ፦ የምን መጠባበቂያ? ማን ፈርሞ ይወጣል? ከስንት ዶላር በላይ ሲሆን ለቦርዱ ይነገራል? ቦርዱ በዝግ ስብሰባ ከወሰነስ ቃለ ጉባኤ ይያዛል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትጠይቁ የገንዘብ ያዡን ፊት እዩልኝ። ስርቆት ይኖራል ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ መልሱን ራሱም አስቦበት አያውቅም።

ፓክ፦ አዲሷ ሥራ አስፈጻሚ እንዴት ናቸው?

መላሽ፦ ካትሪን ሄንደርሰን። ከከርሊንግ ካናዳ (በረዶ ላይ ድንጋይ እየገፉ፣ ፊት ፊቱን እየጠረጉ የሚጫወቱት ስፖርት ማኅበር) በ2023 መጡ። ሰው አልመዝንም።

ግብ ጠባቂው፦ ከርሊንግ ደግሞ ስፖርት ሆኖ...

ዊኒፔግ፦ እስቲ ያንን ድንጋይ ገፍተህ አሳየን! 20 ኪሎ ነው ገደማ።

ግብ ጠባቂው፦ መጥረጊያውንስ ምን ትለዋለህ?

ዊኒፔግ፦ መጥረጊያው ነው ሥራው! አንድ ቀን ብትጠርግ ማግስቱን ከአልጋ አትነሳም።

መላሽ፦ ወደ ጉዳዩ።

ካልጋሪ፦ ሌሎቹ የክረምት ስፖርቶችስ? ሆኪ ብቻ ነው የተበላሸው?

መላሽ፦ አይደለም። በማርች 2022 ከ60 በላይ የቦብስሌይና የስኬሌተን (በበረዶ መስመር ላይ በተንሸራታች የሚወረድባቸው ውድድሮች) ስፖርተኞች በግልጽ ደብዳቤ የፌዴሬሽናቸው ፕሬዚዳንት ይልቀቁ ብለዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ሆኪ ላይ የጮኸው ወላጅና ስፖንሰር ነው፣ እዚያ ስፖርተኛው ራሱ። በትንሽ ስፖርት ውስጥ ቅሬታ ያለው ስፖርተኛ ለቡድን የሚመርጠውን ሰው ነው የሚከሰው። ስለዚህ ቅሬታ የሚሰማው አካል ከፌዴሬሽኑ ውጪ መሆን አለበት። ካናዳ ለዚህ በጁን 2022 የስፖርት ኢንተግሪቲ ኮሚሽነር ቢሮ ከፍታ ነበር፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሥራው ወደ ካናዳ የስፖርት ሥነ ምግባር ማዕከል ተዛውሯል። አሜሪካ በ2020 ሕጓን ስታሻሽል ከየብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ቦርድ ቢያንስ ሲሶው ስፖርተኛ እንዲሆን አስገድዳለች። ይቺን ብንወስዳት ደስ ባለኝ።

ዝምተኛው፦ ታዲያ በአጠቃላይ መፍትሔው ምንድን ነው?

መላሽ፦ የምኑ መፍትሔ? የየትኛው ማኅበር? «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም ወንድሜ።

ኦታዋ ምሥራቅ፦ እሺ እኔ ለይቼ ልጠይቅ። አንድን የቦርድ አባል ከጊዜው በፊት ማውረድ ይቻላል?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። በፌዴራሉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ሕግ ለተቋቋመ ማኅበር፣ አዎ። ድምፅ ያላቸው አባላት በልዩ ስብሰባ በተራ አብላጫ ድምፅ ያወርዱታል። ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅባቸውም። አምስት በመቶ ድምፅ ያላቸው አባላት ቦርዱን ስብሰባ ጥራ ብለው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ከአራት ዓመት አይበልጥም፣ ደንቡ ከፈቀደ ግን እንደገና ይመረጣል። በእኔ አስተያየት ስንት ጊዜ እንደሚመረጥም ጣሪያ ይኑረው። ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይወጡ ደግሞ ወንበሮቹን በፈረቃ ማድረግ ነው።

ተጠንቀቁ ግን። አብዛኛው የልጆች ክለብ የተመዘገበው በፌዴራል አይደለም፣ በክልል ነው። ኦንታሪዮ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የራሷ ሕግ አላት። የፌዴራሉን አንቀጽ ይዛችሁ ክለብ ስብሰባ ላይ እንዳታፍሩ።

ኦታዋ ምሥራቅ፦ የእኛ ደንብ የት ይገኛል? ድረ ገጹ ላይ የለም።

መላሽ፦ ጸሐፊውን በኢሜይል ጠይቅ። አባል ከሆንክ የማየት መብት አለህ። መጀመሪያ ግን አባሉ ማን እንደሆነ አረጋግጥ፤ አንዳንድ ክለብ ውስጥ አባሉ ወላጁ ነው፣ አንዳንዱ ጋ የቦርድ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ከሆነ ንገረኝ፤ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው የያዝነው።