«ዳይጆቡ» ሲሉሽ ፌስታሉን ስጪ ወይስ ተይው?

እህቴ፣ ጃፓን ውስጥ ኮንቢኒ (የሰፈር ትንሽ ሱቅ) ሥራ ስለጀመርሽ እንኳን ደስ አለሽ። «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ስላቸው «ዳይጆቡ ዴስ» ይሉኛል፣ ልስጥ ወይስ ልተው ነው ያልሽው። ተይው። አልፈልግም ማለታቸው ነው።

የጃፓንኛ መጽሐፉ «ዳይጆቡ» ማለት «ችግር የለም» ነው ብሎ ያስተማረሽ ውሸት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ልስጥዎት ወይ ብለሽ ከጠየቅሽ «ባይኖርም ችግር የለም» ይሆናል። ቤንቶ (የታሸገ ምግብ) ላሙቅልዎት ስትዪም ያው ነው። የሚፈልግ ሰው «ኦኔጋይሺማስ» (እባክሽ) ነው የሚለው። አለቃሽ ግን «ቅዳሜ መግባት ትችያለሽ?» ሲልሽ «ዳይጆቡ ዴስ» ካልሽ እሺ ብለሻል፤ ቅዳሜ ትገቢያለሽ። (የተማሪ ቪዛ ላይ ከሆንሽ ሳምንቱ ከ28 ሰዓት እንዳያልፍ አደራ።)

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ ፌስታል በክፍያ ስለሆነ ጥያቄው በየደንበኛው ይመጣል። ስለዚህ ግራ ሲገባሽ «ናሺ ዴ ዮሮሺ ዴስ ካ?» በያቸው፤ ያለ ፌስታል ይሁን ወይ እንደማለት ነው። «ሃይ» (አዎ) ካሉ አለቀ። እጅም እዪ። መዳፉን ፊቱ አጠገብ ግራና ቀኝ ካወዛወዘ አልፈልግም ነው፣ አፉ ምንም ይበል ምን። ጆሮ ማዳመጫ ለሰካ ሰው ደግሞ ፌስታሉን አንስተሽ ማሳየት ይቀላል።

ትልልቅ ሰዎች «ኬኮ ዴስ» ይሉሻል። እሱም ይቅርብኝ ነው። «ኬኮ ዴስ ኔ» ሲሆን ግን አድናቆት ነው። «ኢ ዴስ» (ይቅርብኝ) እና «ኢ ዴስ ኔ» (ጥሩ ነው) ላይም ያቺ «ኔ» ናት ነገሩን የምትገለብጠው። ጆሮሽ መጨረሻው ላይ ይሁን።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ባልደረባሽን ቡና ጋብዘሻት «ዶዮቢ ዋ ቾቶ…» ብላ ዝም አለች። «ቅዳሜ ትንሽ…» ብላ የተወችው፣ ቀሪውን አንቺ እንድትረጂላት ነው። አልችልም ማለቷ ነው። ለምን ብለሽ አትጠይቂ፤ እኛ ጋ መጠየቁ ማሰብ ነው፣ እዚያ ግን ማፋጠጥ ይመስላል። «አ፣ ሶ ዴስ ካ፣ ጃ ማታ ኮንዶ» (እንዲያ ነው፣ በቃ ሌላ ጊዜ) ብለሽ ለሌላ ጊዜ አሳልፊው። «ካንጋኤቴ ኦኪማስ»፣ አስብበታለሁ፣ ካለችሽም ብዙ አትጠብቂ። ቅዳሜ ስላልተመቻት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሷ ሌላ ቀን ትጠራልሻለች። ካልጠራች ሁለተኛ መጋበዝ ነውር የለውም፤ ሦስተኛው ላይ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ።