የአንባቢዎች ጥያቄ፦ እየዘመረ ወደ ሰማይ የሚወጣው ወፍ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በእንግሊዝኛ ግጥሞች ውስጥ «ስካይላርክ» የሚባለው ወፍ እየዘመረ ሽቅብ ይወጣል። በእኛ ሜዳ ከሣር መሃል እየዘመረ የሚነሳው ቡናማ ወፍ እሱ ነው?

መልስ፦ ዘመዱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ ሁለቱም «ላርክ» ከሚባለው የወፍ ወገን ናቸው። የደጋችን ነዋሪ የኤርላንገር ላርክ ሳይሆን አይቀርም፤ አናቱ ቀላ ያለ ቡኒ ሲሆን በአንገቱ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አለው። አናቱ ላይ የቆመ ቁንጮ ካዩ ግን የቴክላ ላርክ ነው፤ ድንጋይ ላይ መቆም ይወዳል። ጉሮሮው ቢጫ፣ ከሥሩም ጥቁር መቀነት ካለው ጭራሹን ላርክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዛፍ ላይ ሆኖ መዘመር ሲችል ለምን እየበረረ ይደክማል?

መልስ፦ የሚኖርበት ገላጣ ሜዳ ነው፤ የሚያርፍበት ዛፍ የለም። ከፍታ ላይ ያለ ድምፅ ደግሞ ሣር ሳያፍነው ሩቅ ይሰማል። የአውሮፓው ስካይላርክ ከ50 እስከ 100 ሜትር ወጥቶ፣ ክንፉን ሳያሳርፍ ለደቂቃዎች ይዘምራል። ይህ ጉልበት ይፈጃል፤ ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። ሜርሊን የምትባል ትንሽ ጭልፊት ስታሳድደው እንኳ አንዳንዱ መዘመሩን አያቆምም፤ እሷም በደንብ የሚዘምረውን ቶሎ ትተወዋለች። ጤነኛና ፈጣን ስለሆነ ማባረሩ ኪሳራ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1820 በጣሊያን ሊቮርኖ አካባቢ ሰምቶት በጻፈው ግጥም ወፉን «የማይታይ» ማድረጉ ቅኔ ብቻ አይደለም። 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ወፍ በዚያ ከፍታ ለዓይን ትጠፋለች። ተማሪዎችዎን ይህን ቢያስረዷቸው ግጥሙ ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ በሀገራችን አደጋ ላይ ያለ ላርክ አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሊበን ላርክ። ዋና መኖሪያው ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ሥር ተሸሽጎ ነው። ሜዳው ከመጠን በላይ ሲጋጥ መሸሸጊያው ይጠፋል፤ ቁጥቋጦ ሲወርረውና ሲታረስ ደግሞ ሜዳው ራሱ ይጠባል። መፍትሔው ከብቱን ማባረር አይደለም፤ ግጦሽ ፈጽሞ ከቆመ ቁጥቋጦው ይበረታል። የሚሻለው የቦረናው «ካሎ» ነው፦ ማኅበረሰቡ የሜዳውን ከፊል አጥሮ በዝናብ ወራት ሣሩን ያሳርፋል፣ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ በበጋ ለደከሙ ከብቶችና ለጥጆች ይከፍታል። ወፉ ጎጆውን የሚሠራው ዝናብ ሲጥል በመሆኑ ለሁለቱም ይስማማል።