ቴክሳስ የገባው ቼክና ልጆቹ፦ ጥያቄና መልስ

ከዳላስ ወደ ኦስቲን ሲነዳ ዌስት የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ኮላቺ የሚሉትን የቼኮች ጣፋጭ ዳቦ ሊገዛ ያልቆመ ሐበሻ ጥቂት ነው። ባለፈው አንዱ «ለመሆኑ እነዚህ ቼኮች እዚህ በረሃ ምን አመጣቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔም አፌን ከፈትኩና ማንም አላስቆመኝም። ብዙ ዓመት በዚህ አገር ጭነት ስነዳ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፣ በየመቃብራቸውም ዞሬያለሁ። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የመጣው ማነው? አንድ ሰው ነው ወይስ እንደ እኛ በዲቪ ተግተልትለው?

ነገሩ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። ኤርነስት በርግማን የሚባል የፕሮቴስታንት ቄስ በ1850 ካት ስፕሪንግ ከምትባል የቴክሳስ መንደር ደረሰና ለአገሩ ሰዎች ጻፈ፤ መሬቱ ሰፊ ነው፣ ኑ አለ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰሜን ምሥራቅ ቦሄሚያ (ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር) ውስጥ ዮሴፍ ሌሺካር የተባለ ሰው እጅ ገባ። ሌሺካር ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ጉዞውን አደራጀ። ሁሉም ተዘጋጀ፤ ሚስቱ ግን «እኔ አልሄድም» አለች።

እሱ ቀረ። ሌሎቹ በ1851 ዮሴፍ ሺላርን መሪ አድርገው ወጡ፤ ሰባ ያህል ነፍስ፣ ሽማግሌና ሕፃን ያለበት። ከሃምቡርግ ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያ ኒው ኦርሊንስ፣ ከዚያ የቴክሳስ ወደብ ጋልቬስተን። መርከቡ የተጨናነቀ፣ ምግቡ የተበላሸ ነበር። ግማሽ ያህሉ በመንገድና ከደረሱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እንግዲህ ያቺን ሴት ማን ይቆጣታል? ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ እሷም እሺ አለችና ቤተሰቡ ከብሬመን በቀጥታ ወደ ጋልቬስተን በሚሄድ መርከብ ወጣ። የሌሺካር ቤት ከዚያ ወዲያ ከመርከብ የወረደ ቼክ ሁሉ የሚያርፍበት ሆነ። በ1887 ነው የሞተው። በመጻሕፍት «የቴክሳስ ቼኮች ስደት አባት» እየተባለ ይጠራል፤ የሚስቱ «አልሄድም» ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ብሆን ምዕራፍ እሰጣት ነበር።

ጥያቄ፦ ድሆች ስለነበሩ ነው የወጡት?

የመጨረሻው ድሃማ ለመርከብ የሚከፍለው የለውም። የወጣው ትንሽ መሬት ወይም ጎጆ ያለው፣ ሸጦ የሚሄድ ሰው ነው። ለባላባቱ በነፃ የመሥራት ግዴታ በ1848 ተነሥቶላቸዋል፤ ግን ነፃ መውጣት መሬት አይሆንም። ቤት ውስጥ ተቀምጠው በእጅ የሚሸምኑትም ፋብሪካው ገበያቸውን ወሰደባቸው። አገራቸውን የሚገዛው የአውስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ወንድ ልጅን ለወታደርነት ይፈልጋል። አምስት ወንድ ልጅ ያለው አባት ይህን ሲያስብ ሌሊት አይተኛም። በኋላ ላይ በብዛት የመጡት ከሌላው የቼክ ምድር፣ ከሞራቪያ ተራራማ አካባቢዎች ናቸው፤ ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ የምታገኙት ቼክ አብዛኛው ሞራቪያዊ ነኝ ይላል።

ጥያቄ፦ ስምንት፣ አሥር ልጅ ይወልዱ ነበር ይባላል። እንዴት ይመግቡት ነበር?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ግን ገልብጪው፤ ልጆቹ ናቸው ቤተሰቡን የመገቡት። በአገራችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባል የለ? እዚያ ግን ዕድሉ ጥጥ ነበር። ጥጥ ኩትኮታ ይፈልጋል፣ አረም ይፈልጋል፣ ከዚያ በእጅ መልቀም። ረጅም ከረጢት ከትከሻ አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በነሐሴ ፀሐይ። ቅጥረኛ የሚቀጥር ገንዘብ የለም። ስለዚህ የሰባት ዓመቷ ልጅ ትለቅማለች፣ የአራት ዓመቱ ውኃ ያመላልሳል፣ ሕፃኑ በጥላ ሥር ተኝቶ ታላቁ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤትም የጥጡን ወቅት ይጠብቃል።

እናትየውስ? ጎህ ሳይቀድ ላም ታልባለች፣ ትጋግራለች፣ ከዚያ ማሳ ትወርዳለች፣ ማታ ተመልሳ ታበስላለች። ክረምት ሲገባ ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የዝይ ላባ ከዘንጉ ይገነጥላል፤ ሴት ልጅ ስታገባ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትወጣው የላባ ፍራሽና ብርድ ልብስ ነው። ልጆቹ ተረት የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው። ማስነጠስ ክልክል ነው፣ ላባው ቤቱን ይሞላዋል።

ደግሞ የተወለደው ሁሉ አላደገም። በ1867 ላ ግሬንጅ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ አካባቢ ቢጫ ወባ ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። አሮጌ መቃብሮቻቸው ውስጥ የአንድ ቤት ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ተሰልፈው ታያላችሁ። እኔ አንድ ቦታ ቆጥሬ አራተኛው ላይ ተውኩት።

ጥያቄ፦ መንግሥት መሬት በነፃ ሰጥቷቸዋል አይደል? 160 ኤከር?

እሱ የነብራስካው ቼክ ነው፤ በ1862ቱ ሕግ አምስት ዓመት ኖሮበት ያረሰ የሚያገኘው። ቴክሳስ የራሷን መሬት ራሷ ስለያዘች ያ ሕግ እዚህ አልሠራም። እዚህ የመጣው የሰው መሬት በኪራይ ወይም በእኩል እያረሰ አጠራቅሞ ነው የገዛው። አፈሩ ግን አገር ቤት የምታውቁት መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ጎማ ይይዛል። ለእርሻ ወርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጥጥ ካልክ አይቀር፣ ባሪያ ነበራቸው?

አብዛኛው አልነበረውም። ዘግይቶ የመጣ፣ በገዛ ልጆቹ የሚያርስ ሰው ነው። ሌሺካር ራሱ ባርነትን የሚቃወም፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ለሰሜኑ ወገን የሚያደላ ሰው ነበር። በ1862 ደቡቦቹ የወታደር ግዳጅ ሲጀምሩ ብዙ ቼክ ጫካ ገባ፤ ሌላው ጥጥ ጭኖ ወደ ሜክሲኮ ድንበር በጋሪ መመላለስን መረጠ። ከአውስትሪያ ወታደርነት የሸሸ ሰው ለሰው ጥጥ አይሞትም። ይሁን እንጂ ቅዱሳን አናድርጋቸው፤ ቀድመው የመጡት መሬት የገዙት ባርነት በነበረበት ሥርዓት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ አባት ቢሞትስ? አሥር ልጅ ይዛ እናት ምን ትሆናለች?

ይኼ ነው እኔን የሳበኝ። ዕድር መሠረቱ! በ1854 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የቼኮች የመረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ አባል ይከፍላል፣ ሲሞት ለቤተሰቡ ይከፈላል። የቴክሳሶቹ በኋላ ተገንጥለው በ1897 ላ ግሬንጅ ላይ የራሳቸውን «የስላቭ መረዳጃ ኅብረት» አቆሙ፤ ዛሬም በቼክኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ኤስ ፒ ጄ ኤስ ቲ ብለው ይጠሩታል። ካቶሊኮቹ ቀድመው በ1889 የራሳቸው ነበራቸው። ልዩነቱ፣ የእኛ ዕድር ድንኳንና ወንበር አለው፣ የእነሱ የዳንስ አዳራሽ። በአዳራሹ ስብሰባ ይካሄዳል፣ ሙዚቃ ይመታል፣ ሕፃናቱ ዳር ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎላቸው ይተኛሉ፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሚያገቡትን ያገኛሉ። ማኅበሩ አሁንም አለ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ መሬቱን ለአሥር ልጅ እንዴት አካፈሉት?

ብልኁ አላካፈለም። ለአንዱ ሰጥቶ ለሌሎቹ አጠገብ ወይም ራቅ ብሎ እየገዛ አስቀመጣቸው። የቴክሳስ ቼክ ከላ ግሬንጅ አካባቢ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የተዘረጋው በዚህ ነው፤ ዌስትም የዚያ ልጅ ናት። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ከአገራቸው የያዙት ልማድ ነበር፣ «ቪምኜኔክ» ይሉታል። አባት እርሻውን ለልጁ ሲያስረክብ ውል ይጻፋል፤ እስክንሞት ይህቺ ክፍል የእኛ ናት፣ ይህን ያህል እህል፣ ይህን ያህል ወተት። ለገዛ ልጅ ውል! እኛ ነውር እንለዋለን። እኔም ብዬ ነበር፤ በውርስ ተካሰው ፍርድ ቤት የከረሙ ወንድማማቾች ካየሁ በኋላ ግን ዝም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ኮላቺው ውስጥ ቋሊማ ያለው ነው የሚጣፍጠው። እሱም የቼክ ነው?

ቼክ ፊት እንዳትለው! ኮላች ማለት መሐሉ ላይ ፍሬ፣ አይብ ወይም የፖፒ ፍሬ ያለበት ጣፋጭ ነው። ቋሊማ ያለው «ክሎባስኒክ» ይባላል፣ እዚሁ ቴክሳስ የተወለደ ነው። ለጾም የምትጠይቁኝ ደግሞ፣ የፖፒውም ቢሆን ሊጡ ቅቤና እንቁላል አለበት። አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸውን እስከ መቼ ያዙት? ልጆቼ አማርኛ እምቢ ብለውኝ ነው።

ወንድሜ፣ ሦስትና አራት ትውልድ ይዘውታል፤ ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቱም፣ ቄሱም፣ ባለ ሱቁም ቼክ ነው። ጋዜጣ ነበራቸው፤ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም በ1915 የስላቭ ቋንቋዎችን ማስተማር ጀመረ። በ1918 ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ ወደ ሂውስተን ሄደ፣ ጥጡም በማሽን ተለቀመ፣ አሥር ልጅ አላስፈለገም። ቋንቋው ከማሳው ጋር ወጣ። እስከዚያም ቢሆን ተቀይጧል፤ አጥሩን «ፌንትስ» ይሉት ነበር። የእኛ «ፓርክ አድርገው» አይብስም።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ይዤ ልሂድ፤ የት ልይ?

ሹለንበርግ የምትባል ከተማ አካባቢ ያሉትን መንደሮች፤ ዱቢና፣ አመንስቪል፣ ሃይ ሂል፣ ፕራሃ። አብያተ ክርስቲያናቸው ከውጭ ተራ ናቸው፣ ከውስጥ ጣሪያቸው በሥዕል የተሸፈነ። ፕራሃ ኦገስት 15 የእመቤታችንን በዓል ታከብራለች፤ በእኛ ፍልሰታ ጾም መሐል ነው፣ ስለዚህ የቋሊማው ሽታ ይፈትናችኋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለውን መቃብር ሳታዩ አትውጡ። ያቺ ቁራጭ መንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ዘጠኝ ወጣቶች አጥታለች። የአባቶቻቸው አባቶች ከወታደርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው።

ሌላ ጥያቄ ካለ ጻፉት፤ ነገ ማታ እመለስበታለሁ፣ አሁን ሽፍት ልገባ ነው።