መልስ፦ ለቤት የሚያዋጣ ራውተር
ወንድሜ፣ ለሦስት ክፍል ቤት ዋጋው የማይጎዳ ራውተር የቱ ነው ብለሃል። እኔ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6ን እመክርሃለሁ። በሁለት የዋይፋይ ሞገዶች፣ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ይሠራል። ካርቶኑ ላይ ያለው «1200» የሚለው የፍጥነት ቁጥር (በሜጋቢት) ግን እንዳያታልልህ። የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው፤ አንድ ስልክ ያን ያህል አያገኝም። የምትከፍልበት ኢንተርኔት 10 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ የትኛውም ራውተር ከዚያ አያሳልፍህም።

5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል። ለራቀው መኝታ ቤት 2.4ቱን ተጠቀም። እባክህ ራውተሩን ከቲቪ ጀርባ አትደብቀው! እኔ ከዚያ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርጌ ስሰቅለው ነው ጓዳ ድረስ የደረሰልኝ።

ከመግዛትህ በፊት መስመርህን እይ። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ይሄ ራውተር ብቻውን አይሠራም፤ ኢንተርኔቱን ከስልክ ሽቦው የሚቀበለውን የድሮውን ሞደም እንዳትጥለው።